የረጠበ አውራ ጣት

የሒሳብ ፈተና በሚታረምበት አዳራሽ፣ መምህርቷ ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ ማየት አንገሽግሿታል። አውራ ጣቱን እየላሰ ወረቀት ይገልጣል፤ የቀይ እስክሪብቶው ቀለም ከምራቁ ጋር ተለውሶ ከንፈሩ ላይ ደርቋል። የኮቱ እጅጌ ከማደፉ የተነሳ ያብለጨልጫል።

«ጉድ እይልኝ፣ እህቴ!» አለና የረጠበውን ወረቀት አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። «ኤክስ ሲባዛ በኤክስ፣ ከሦስት ኤክስ ጋር እኩል ነው። ተማሪው ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥቶ፣ የጋራውን ኤክስ አውጥቶ በብዜት መጻፍ ሲገባው፣ በኤክስ አካፍሎት ቁጭ! ሦስትን ይዞ ዜሮን ጣላት። ዜሮም እኮ መልስ ናት!»

ትንፋሿን ይዛ ወንበሯን ወደ ጥግ ጎተተች። ሰውዬው አየ፤ አውራ ጣቱን ልሶ ቀጣዩን ወረቀት ገለጠ።

ሁሉም ለምሳ ከወጣ በኋላ የረሳችውን ቦርሳ ልትወስድ ተመለሰች። ሰውዬው ዳቦውን ለሁለት ቆርሶ፣ ግማሹን እሷ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ዳቦው ላይ ቀይ የአውራ ጣት አሻራ አለ።

«ባለቤቴ ካረፈች ወዲህም ለሁለት መቁረሱን አልተውኩም» አላት። «ነይ፣ ቅመሺ።»

አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«ጠግቤያለሁ፣ ጋሼ።»

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ፣ ምንም ያልነካ እጇን ቀሚሷ ላይ ትጠርግ ነበር።