ይሉኝታ ያጠቃው ኦዲተር

ባለቤቴ ኦዲተር ነበር። ቤት ውስጥ የቧንቧ ጠብታ እንኳ አያልፈውም፤ ሰው ፊት ግን እንደ ሙሽራ ዓይን አፋር ነው። ሰው ቤት ሻዩ ስኳር ቢያንሰው፣ "በጣም ጥሩ ነው" እያለ ጨልጦ ይጠጣዋል።

ብዙ ቅርንጫፍ የነበረውን የልብስ መደብር ሒሳብ የሚመረምረው እሱ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ መጋዘን ገብቶ ዕቃ ይቆጥራል። የመጋዘኑ ኃላፊ ሽበታቸው የሚያምር፣ ሰው አክባሪ ሽማግሌ ነበሩ። እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ካርቶን እያሳዩ፣ "እንደታሸገ ቁጠረው ልጄ፤ ወይስ ጋሼህን ሌባ ልትል ነው?" ይሉታል። እሱም ይስቅና ቆጥሮ ይፈርማል።

መደብሩ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው አበዳሪዎቹ መጋዘኑን አስከፈቱ። የፊተኛው ረድፍ ልብስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ባዶ ካርቶን። የሌለ ዕቃ እንደ ሀብት እየተያዘ፣ ኪሳራው ትርፍ መስሎ ኖሯል። መደብሩ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ ባለቤቴም ከሥራ ወጣ።

"ይሉኝታ ነው የጣለኝ" አለኝ። ሌላ ምክንያት አልደረደረም።

ከዚያ ወዲህ ለቆጠራ የሚጠራው ሰው ጠፋ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሰው በጋራ ያቋቋመው ሱቅ፣ "እስቲ ይሞከር፤ ካልሆነ ሌላ እንፈልጋለን" አለ። የሱቁን ዕቃ ግምጃ ቤት የሚይዙት ደግሞ አባቴ ናቸው።

"ከሰው ሁሉ አባትሽ!" ብሎ ራሱን ያዘ።

በቆጠራው ቀን የአባቴን ምሳ ይዤ ስሄድ፣ እሳቸው ካርቶኖቹ ፊት ወንበር ስበው እንደ ዳኛ ተቀምጠዋል።

"ሳሙና ነው። እንደታሸገ ቁጠር።"

የባለቤቴ ጆሮ ቀላ። "አባባ፣ ይከፈት።"

"ምን አልክ?"

"ይከፈት ነው ያልኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ልጄን ስሰጥህ ከፍቼ አይቼሃለሁ?"

"ባያዩኝማ ነው የሰጡኝ! ቢያዩኝ መች ይሰጡኝ ነበር?"

አባቴ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ሳቅ ቀደማቸው። የካርቶን መክፈቻ ቢላዋ ራሳቸው አቀበሉት። ሳሙናው ሙሉ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ያለው ካርቶን ውስጥ ግን እርጥበት ገብቶ ሳሙናው ጭቃ ሆኗል። አባቴም አላወቁም ነበር።

"ነገ እኔኑ ሌባ ሊያሰኘኝ ነበር እኮ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እንኳን አስከፈትክ።"

ሱቁ ሌላ ሰው አልፈለገም። ባለቤቴ እስኪሞት ድረስ ያን ሥራ ይዞ፣ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ ሳይል ሁሉንም እያስከፈተ ኖረ። ማታ ሲገባ ፊቱ የተዝናና ነበር።

አሁን አባቴ እኔ ጋ ነው የሚኖሩት። ጎረቤት ብቅ ሲል፣ "አማቼ እኮ ጨካኝ ነበር፤ አማት አያውቅ፣ ዘመድ አያውቅ!" እያሉ በኩራት ያሙታል። እኔም ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።