የማይመረው ኮሶ

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ላይ ዝናብ ይዞኝ አንድ የባህል መድኃኒት መሸጫ ውስጥ ተጠለልኩ። ሱቁ አዲስ ነው፤ መስታወቱ ያብረቀርቃል። ባንኮኒው ላይ ከተደረደሩት ብልቃጦች አንዱን አንስቼ ሳነብ «ናኖ ኮሶ፣ የማር ጣዕም ያለው» ይላል። ወዲያው አፌ ምራቅ ሞላ፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው ዓይነት ምራቅ። ሻጯ ልጅ «ምነው እናቴ፣ አመመዎት?» አለችኝ። እናቴ መባል ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ ገና አልለመድኩትም።

ኮሶ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። እኔን በልጅነቴ ሁለት ጊዜ ግተውኛል። የደረቀ አበባው ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጥና በባዶ ሆድ፣ አፍንጫን ይዞ መጨለጥ ነው። ጉሮሮ ላይ ይቆማል፣ ሆድ ይገለባብጣል፣ ሽታው እስከ ማታ ከአፍ አይጠፋም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ግን የኮሶ ትሉ ካልወጣለት ዕረፍት የለውምና እየተንገፈገፈ ይጠጣዋል። ያን ቀን ደግሞ አይጠየቅም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፤ የሚቀየምም የለም።

ወጣት ሳለሁ አራት ኪሎ አካባቢ በነበረች አንዲት ትንሽ ቤተ ሙከራ እሠራ ነበር። ሥራችን ይህንኑ ኮሶ የማይመር ማድረግ ነው። ጭማቂውን በዓይን በማይታይ ደቃቅ የስብ ቅንጣት እንጠቀልለዋለን፤ ናኖ የሚሉት እሱን ነው። እንዲህ ሲሆን ምላስ ምሬቱን አያገኘውም፣ አፍንጫም አያሸተውም። አበባውን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ከሚሸጡ ሴቶች ገዝቼ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ሽታው ልብሴ ላይ ስለሚቀር ታክሲ ውስጥ ሰው ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። ግድ አልነበረኝም፤ በሥራዬ እኮራ ነበር። አሁን ያ ኩራቴ ራሱ ያቅለሸልሸኛል።

መድኃኒቱ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ጉዳት እንደሌለው በአይጦች መሞከር ነበረበት። ሳጥናቸውን የሚያጸዱት ጋሽ ታደሰ ይባላሉ፤ የአፍንጮ በር ሰው፣ ቁርጥ ወዳድ፣ ተጫዋች። ሽንት የጠጣው ሰጋቱራ ዓይን ያቃጥላል። እኔ አፍንጫዬን ሸፍኜ ስገባ እሳቸው እዚያው ቆመው ዳቦአቸውን ይገምጡ ነበር፤ እሱንም ማየት ይቀፈኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ከፍተኛውን መጠን የወሰዱት አይጦች ምግባቸውን ማግኘት አቃታቸው። ጣቴን ፊታቸው ላይ ባወዛውዝ ንቅንቅ አይሉም፤ በአፍንጫቸው የሳጥኑን ግድግዳ እየገጩ ይዞራሉ። ነገሩ ገባኝ። ተራው ኮሶ ሥራውን አንጀት ውስጥ ጨርሶ አብዛኛው ከትሉ ጋር ይወጣል፤ የእኛው በደቃቅነቱ ወደ ደም አልፎ ዓይናቸውን አጥፍቷል። ሰው አብዝቶ እንዳይጠጣ የሚከለክለውን ምሬትም ያጠፋነው እኛው ነን።

አለቃዬን ዶክተሩን ቢሯቸው ሄጄ ነገርኳቸው። ከረሜላ እየመጠጡ ነበር።

«ሞቱ?»

«አልሞቱም፤ ግን አያዩም።»

«የሙከራው ውጤት በሚሞላበት ቅጽ ላይ ስለ ዓይን የሚጠይቅ ቦታ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ያልተጠየቅሽውን አትጻፊ። ሰኞ ውጤቱን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ።» ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዞሩት። ያ የምራቅ ድምፅ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

«ሁሉም በሕይወት አሉ» ብዬ ጻፍኩ። ውሸት የለበትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ እጄን ግን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

የቅበላ ሰሞን ነበርና ጋሽ ታደሰ ጥሬ ሥጋ ሲበሉ ሰንብተዋል። ልወጣ ስል በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ የኮሶ ትል አስቸገረኝ። አይጦቹ እንዴት ናቸው? ይሄንን የማይመረውን ልጠጣው?»

«ደህና ናቸው፤ ግን ትንሽ ይቆዩ» አልኩና ዓይናቸውን ሳላይ አለፍኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ማቀዝቀዣውን ስከፍት የማይመረው ኮሶ ጠርሙስ የለም። ሮጬ ዘበኛውን ጋሽ ታደሰ የት እንዳሉ ጠየቅኩት። «ዛሬ አይመጡም፤ ኮሶ ጠጥተዋል» አለኝ።

አፍንጮ በር እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ሳምቡሳ ይበላ እንደነበረ ብቻ ትዝ ይለኛል። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ኮሶ ጠጥቷል፤ ዛሬ አይጠየቅም። ነገ ነይ።»

«መግባት አለብኝ፣ እትዬ ብርቄ።»

«ኧረ ነውር ነው! ባልዲ ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ምኑ ይታያል?»

«ዓይናቸው ይጠፋል!» ብዬ ጮህኩ። «ያንን የጠጡት አይጦች ታውረዋል!»

ገፋ አድርጌያቸው ገባሁ። ጋሽ ታደሰ ባልዲ በጉልበታቸው መሃል ይዘው፣ በላብ ተጠምቀው ተቀምጠዋል። ክፍሉን ትውከትና የኮሶ አበባ ሽታ ሞልቶታል። የእኛው ሽታ የለውም፤ የጠጡት ተራውን ኮሶ ነው ማለት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሽታ ደስ አለኝ።

«የእኛን አልጠጡም?»

አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ሳጥኑን የማጸዳው እኔ አይደለሁም? ግድግዳ ሲገጩ ካንቺ በፊት አይቻቸዋለሁ። ጠርሙሱንም ሌላ ሰው እንዳይጠጣው ሽንት ቤት ደፋሁት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ጠየቁኝ?»

«እንድትነግሪኝ ነዋ» አሉና ወደ ባልዲው ጎንበስ አሉ።

ሰኞ ጠዋት፣ እንግዶቹ ሳይደርሱ፣ የጎደለውን ቅጹ ላይ ጻፍኩ። ዶክተሩ ቀደዱት፤ እኔንም አባረሩኝ። ከዚያ በኋላ ጋሽ ታደሰን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላምታ ነፍገውኝ አያውቁም። ልጄ ማለታቸውን ግን ትተው በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ከሥራ ከመባረሬ ይልቅ የቆጨኝ ይሄ ነው። ከዶክተሩ ከረሜላም ይልቅ የሚያስጠላኝ «ደህና ናቸው» ያለው የራሴ ድምፅ ነው።

ብልቃጡን አዟዙሬ አየሁት። ማን እንደሠራው፣ በምን እንደተሞከረ የተጻፈ ነገር የለም።

«ይሄን የጠጡ ሰዎች እንዴት ናቸው?» አልኳት ሻጯን።

«ደህና ናቸው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል መስታወቱን እየወለወለች።

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ መውጣት እችል ነበር። ቦርሳዬን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩና ስለ አይጦቹ ዓይን ነገርኳት።