የአባቴ ስድስት ጎራሽ

የአባቴ ሰደቃ ካለፈ በኋላ፣ ከማስተምርበት ከወልድያ ሀብሩ ወዳለው ቤታችን ወረድኩ። ታላቅ ወንድሜ ከአያታችን የወረደውን የአባታችንን ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዞ ጠበቀኝ። ደርግ መሣሪያ በሚለቅምበት በዚያ ዘመን ሽጉጡ የተረፈልን፣ ወንድሜ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ስለነበረ ነው።

እጀታው ድሮ የዝሆን ጥርስ ነበር ይባላል። እኛ የምናውቀው ግን የወይራ እንጨት ሆኖ ነው። የቀድሞውን እጀታ በእናታችን ሳጥን ውስጥ አገኘነው። "እንደ ጥንቱ እናድርገው" አለ ወንድሜ። እኔም ደስ አለኝ።

መርሳ ወደሚኖሩ አዛውንት ብረት ሠሪ ወሰድነው። ሽማግሌው ገልበጥ አድርገው አዩት።

"እጀታውን ብቻ ነው የምመልሰው ወይስ ምላሱንም?"

"የምን ምላስ?"

"ጥይት የምትመታዋን ሾጣጣ ብረት ነዋ። እኔው ነኝ የሞረድኳት። ከዚያ ወዲህ ይሄ አይተኩስም።"

ወንድሜ ቀልድ መስሎት ሳቀ። "አባታችን ዕድሜ ልኩን የታጠቀው እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እናታችሁን ጠይቁ።"

ሽጉጡን ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ ማሽላ እያበጠረች ነበር። ስንነግራት ከሰፌዱ ቀና አላለችም።

"ያኔ እናንተ ሕፃናት ነበራችሁ። ሐራ ላይ አጎታችሁን ሰው ገደለብን። አባታችሁ ደም ሊመልስ ሲነሣ ወባ ጣለው። ተኝቶ ሳለ ሽጉጡን መርሳ ወሰድኩት። እጀታው ተሰብሮ አሠራሁልህ ብዬ ዋሸሁት።"

"ከዚያስ?"

"ሲሻለው ሐራ ገበያ ወረደ። የሰውየው ደረት ላይ ደግኖ ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለ እንጂ አልጮኸም። ደግሞ ሳበ። ይሄኔ ሰው ገባ፤ ኋላም ሽማግሎች አስታረቋቸው።"

"አባዬ አወቀ?"

"እንደመጣ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ውዱእ አድርጎ ሰገደ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶብኝ አያውቅም።"

"ሰውየውስ ማን ነበር?"

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችን። "መቃብር ወርደው የአባታችሁን አስከሬን የተቀበሉት ናቸዋ።"

በየበዓሉ ከሐራ እየመጡ የሚጠይቁን፣ በቀብሩ ዕለት ትከሻቸው ላይ ተደፍቼ ያለቀስኩት ሰው ናቸው። የአጎቴን ገዳይ አጎቴ እያልኩ ነው ያደግኩት።

ወንድሜ ሽጉጡን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሳበ። ቀጭ አለ። "በዚህ ዘመን የሚተኩስ መሣሪያ ያስፈልገን ነበር" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ውርሱ የእናንተ ነው" አለች እናቴ። "እኔ ማድረግ ያለብኝን ያኔ አድርጌያለሁ።"

ወንድሜ ሽጉጡን ወደ አፎቱ መለሰና፣ "ይቅር" አለ። "እንጨቱም እንዳለ ይቆይ።"

ለአረፋ ሰውየው እንደ ልማዳቸው መጡ። ልስማቸው ተነሥቼ አጠገባቸው ስደርስ ቆም አልኩ።

"ምነው ልጄ፣ አመመህ?"

"ደህና ነኝ አጎቴ" አልኳቸው። ዓይኔን ግን ከደረታቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም።