ሐኪሙ ስለ ጋሼ ጣቶች የጠየቀው

ሕክምና ማጥናት የጀመርኩ ሰሞን ለንደን፣ ኪልበርን ሰፈር የሚኖር አበሻ ሁሉ ሕመሙን ያማክረኝ ነበር። ገና የአጥንት ስም እየሸመደድኩ ነው ብል ሰሚ አላገኘሁም። ደርግ በወደቀ ዓመት የመጡት፣ ከእኛ በላይ ባለው ክፍል የሚኖሩት ጋሼም አንድ ቅዳሜ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሁለት ጣቶቻቸው ቀልተዋል፤ ጫፋቸው ውሃ ቋጥሯል።

ምች ነው አሉኝ። ከአገር ቤት በተላከ ደረቅ ዳማከሴ ሲያሹት ሰንብተዋል። "አንቺ ዶክተር፣ ቅባት ብቻ አጽፊልኝ።"

ሰኞ ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው ሆስፒታል ሄድኩ። አንድ ወጣት ሐኪም መቼ እንደተቃጠሉ ጠየቀ። እኔ ምችን ለፈረንጅ ማስረዳት ከብዶኝ፣ ጋሼንም ላለማሳፈር፣ ሳልጠይቃቸው ምድጃ ነው ብዬ መለስኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። የጠየቀው እኔን ሳይሆን እሳቸውን እንደሆነ በእርጋታ ነገረኝ። ፊቴ ጋለ።

እንደገና ስጠይቃቸው ጋሼ ምንም ትኩስ ነገር አልነኩም። ጣታቸው መጀመሪያ ቀላ፣ ውሃ የቋጠረው ግን ስንት ቀን ቆይቶ ነው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እሳት ያቃጠለው ሰው ሰዓቱን አይረሳም፣ መቼ እንደደረሰ የማይታወቅ ቃጠሎ ሲያጋጥም ግን በሽተኛውን ሥራህ ምንድን ነው ማለት ያስፈልጋል ብሎ አስረዳኝ።

ጋሼ ባተርሲ በሚባል ሰፈር ቧንቧ የሚበየድበት ወርክሾፕ ያጸዳሉ። ብየዳው መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በጨረር የሚያዩ ሰዎች አልፎ አልፎ ከሌላ ድርጅት ይመጣሉ። ሐኪሙ ከወለል ላይ ያነሱት ነገር እንዳለ ሲጠይቅ ጋሼ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ እንዳልተረጉመው እየለመኑ ነገሩኝ። በጨረር የሚያዩት ሰዎች ከሄዱ በኋላ አንዲት ትንሽ ብረት አንስተው፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ብለው ዕቃ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከትተዋት ነበር። አሁን ሌባ ተብዬ ከሥራ እባረራለሁ ብለው ፈርተዋል።

ለታላቅ ሰው እምቢ ማለት አልችልበትም። "ጋሼ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ማን ይገባል?" አልኳቸው።

"ዕቃ የምታድለው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት። ሻይ የምታፈላልኝ እሷ ናት።"

ይህን ብለው እጃቸውን ትክ ብለው አዩት። "ንገሪው" አሉኝ።

ሐኪሙ ብረቷ ጨረር የምትረጨዋ ዕቃ ሳትሆን አትቀርም ብሎ፣ የጋሼን ቁስል ሳይነካ ወደ ወርክሾፑ ደወለ። ሁሉም ከሕንፃው እንዲወጡ፣ መሳቢያውንም ማንም እንዳይከፍተው አሳሰበ። ከዚያ በኋላ ነው ብረቷን ባነሱበት ቀን አስመልሷቸው እንደነበር የጠየቃቸው። አላስመለሰኝም አሉ። ጨረር ሰውነትን በብዛት ካገኘው ቶሎ ያስመልሳል፣ በደም ውስጥ ያሉ ነጭ ሕዋሳትንም ይቀንሳል አለኝ፤ ለምርመራም ደም ወሰደላቸው።

ከሰዓት በኋላ ብረቷ በባለሙያዎች እንደተነሳች ሰማን። ሴትየዋም ለደም ምርመራ መጥታ ከጋሼ አጠገብ ተቀመጠች። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ "እዚያ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ በያት" አሉ።

ነገርኳት። ሴትየዋ በፋሻ የታሰሩትን ጣቶቻቸውን እያየች፣ ያማቸው እንደሆነ እንድጠይቅላት ለመነችኝ።