የምልክቷ ቀለም

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመጣና በቶሞዬ የሞዴል መሸጫ ሱቅ የኋለኛው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ትንሽዬ የፕላስቲክ ባቡር ይገጣጥማል። በጃፓኗ ሺዙኦካ ከተማ ሰው ሞዴል የሚሠራው አእምሮውን ሊያሳርፍ ነው፤ የእሱ ትከሻ ግን አንድም ቀን ረገብ ብሎ አያውቅም። ስስ ነጭ ጓንት ያጠልቃል። ሙጫ ከመንካቱ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ ጣቱን ቀስሮ ይጠቁምና ድምፁን አውጥቶ ይናገራል፦ «በር፣ ዝግ ነው። መብራት፣ በርቷል።»

ቶሞዬ ገና ድሮ ገብቷታል። የባቡር ነጂ ልማድ ነው፤ እንዳይሳሳት ያየውን ሁሉ ይጠቁማል፣ ይናገራል። ነጂ የነበረው አባቷ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ የወጥ ቤቱን ማቀዝቀዣ የሚዘጋው እንዲሁ ጠቁሞና ተናግሮ ነበር።

«ሙጫው ደንቆሮ ነው እንዴ፣ ወንድሜ?» አለው ዛሬ፣ ከጎኑ ታንክ የሚቀባው ደንበኛ።

የሰውየው ባቡር አልቋል፤ የቀረችው ሐዲዱ ዳር የቆመችው የምልክት መብራት ብቻ ናት፤ ገና አልተቀባችም። ሰውየው በአንድ እጁ ብሩሽ ይዞ በሌላው ጠቆማት። አፉ ተከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ቀልደኛው ደንበኛ የራሱን ብሩሽ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ቶሞዬ አላስቻላትም። «አረንጓዴ ያድርጓት፤ ባቡርዎ ይለፍ» አለችው።

ሰውየው ጣቱን ሳያወርድ፣ ዓይኑንም ከመብራቷ ሳይነቅል መለሰላት።

«ያን ቀን እኮ ቀይዋን ጠቁሜ ነው፣ እትዬ፣ አረንጓዴ ናት ያልኩት።»