የክላይቭ ፓስኮ ባለ አምስት ዋት ማጉያ

ክላይቭ ፓስኮ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ አለመሆን ግን ብቻውን ለምስጋና አያበቃም። ዋላሩ በምትባል የወደብ ከተማ ውስጥ፣ ከእህል ጎተራዎቹ ሥር ባለው ጋራዥ የናፍጣ ሞተር ሲጠግን፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ደግሞ በወደቡ መጠጥ ቤት ጊታር ሲጫወት ስድሳ ዓመቱን አለፈ። በሥራው የታመነ ነው። ዕዳ አያሳድርም፣ ሰው አያማም። በአንድ ነገር ብቻ ልክ አያውቅም ነበር፤ እርሱም ድምፅ ነው።

ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም። በዚህ የባሕር ዳርቻ የእርሱ ትውልድ ጊታር የተማረው የመጠጥ ቤት መስኮት ካላንቀጠቀጠ እንዳልተጫወተ በሚቆጥሩ ሰዎች መካከል ነው። ጩኸትን ከችሎታ ሳይለይ ያደገ ሰው ጎልምሶም ሁለቱን ለመለየት ይቸገራል። ክላይቭ የልብስ መሳቢያ የሚያህል ባለ ሃምሳ ዋት የድምፅ ማጉያ ነበረው፤ ይህን ማጉያ ሲያሞግስ የሰማው ሰው ስለ ልጁ የሚያወራ ሊመስለው ይችል ነበር።

በቤቱ ግን ያ ማጉያ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ሚስቱ ግሌኒስ በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ስለምትሠራ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ ክላይቭ ለዓመታት የኤሌክትሪክ ጊታሩን ከምንም ጋር ሳያገናኝ፣ እንደ ደረቀ ሽቦ እየነካካ፣ በወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ልምምዱ ልምምድ አልነበረም። ሰው የማይሰማውን ስሕተት ሊያርም አይችልም።

ባለፈው ክረምት ግን የዳቦ ሣጥን የምታህል ትንሽ ማጉያ ገዛ። እርሷም እንደ ትልቁ በመስታወት ቱቦ የምትሠራ ናት፤ የድሮ ሬዲዮ ከፍቶ ያየ ሰው እነዚያን እንደ አምፖል ቀስ ብለው የሚግሉ ቱቦዎች ያውቃቸዋል። ጊታረኞች ቱቦ የሚወዱበት ምክንያት አላቸው። ቱቦ ሲጨነቅ ድምፁ ይሻክራል፤ በሻካራነቱ ውስጥም ጣዕም ያመጣል። ትልቁን ማጉያ እስኪጨነቅ ድረስ መግፋት ጎረቤትን ማፈናቀል ነው፤ ትንሿ ግን ቶሎ ትጨነቃለች። ከዚያም በላይ ከጀርባዋ ባለች ማብሪያ ከአምስት ዋት ወደ ግማሽ ዋት ትወርዳለች።

በመጀመሪያው ቀን ግሌኒስ ከመኝታ ቤት ፀጉሯ ተንጨባርሮ ወጣች። ክላይቭ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ።

«ቀሰቀስኩሽ?»

«ሽንቴ ነው የቀሰቀሰኝ። መቼ ጀመርክ?»

«አንድ ሰዓት ይሆነኛል።»

ግሌኒስ ወደ ትንሿ ማጉያ ጎንበስ ብላ አየቻት። «አንድ ሰዓት ሙሉ? ታዲያ ይቺ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የት ነበረች፣ አንተ ሰውዬ?» ብላ ወደ መጸዳጃ ቤት ገባች፤ ተመልሳም ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ክላይቭ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ይጫወት ጀመር። እጁም ተሻሻለ፤ ያለ እፍረት ልለው የምችለው ይህን ያህል ነው።

መከራው የመጣው በመጠጥ ቤቱ በኩል ነው። ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ አዲስ አፓርታማ ተሠራ፤ የገቡበትም ሰዎች በጩኸቱ አቤት አሉ። እውነታቸውን ነበር። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ኖሪን ትሬጌንዛ ሙዚቃውን ላለማጣት ስትል ከመድረኩ በላይ ጣሪያ ሥር አንዲት ሣጥን አሰቀለች። ሣጥኗ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አላት። ድምፁ ልክ አልፎ ቀዩ በርቶ ከቆየ፣ የመድረኩን ኤሌክትሪክ ራሷ ትቆርጣለች፤ ማንንም አታማክርም።

ሣጥኗ ከተሰቀለች በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ኖሪን ሦስቱንም የባንዱን ሰዎች ገና ዕቃቸውን ሳያወርዱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ክላይቭ ነበር፤ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍነው ዓሣ አጥማጁ ስታቭሮስ ነበር፤ የተማሪዎች አውቶቡስ እየነዳች በሰንበት ድራም የምትመታው ዴልማ ሆኪንግ ነበረች።

«ስሙኝ» አለች። «አንድ ጊዜ ብትቆርጥባችሁ ቁልፉን አዙሬ አበራላችኋለሁ። ሁለተኛ ከቆረጠች ግን አበቃ። ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ በእናንተ ፈንታ የቢንጎ ዕጣ ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ።»

«ቢንጎ!» አለ ስታቭሮስ። «እኔንስ ቁጥር ጠሪ አድርገሽ ትቀጥሪኛለሽ?»

«የቆጠርካቸውን ዓሦች አውቃለሁ። አንተን ቁጥር አላስጠራም።»

ሦስቱም ሳቁ፤ የክላይቭ ሳቅ ግን ከጥርሱ አላለፈም። እሑድ ከተወሰደበት የሚቀረው ሞተር ብቻ መሆኑን ያውቃል። በስድሳ አንድ ዓመቱ ሌላ መጠጥ ቤት የሚቀጥረው ጊታረኛም አልነበረም።

ሆኖም ተዘጋጅቶ መጥቷል። ትልቁን ማጉያ ጋራዡ ውስጥ ትቶ ትንሿን ይዟል። የያዛትም የጾመ ሰው በጾሙ በሚኮራበት ዓይነት ኩራት ነው፤ እንዲህ ያለ ኩራት ደግሞ የጾሙን ዋጋ የሚበላ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ምሳ ዕቃህ ነው?» አለ ስታቭሮስ።

«ዳቦ መጥበሻ ነው እንጂ» አለች ዴልማ። «ቅቤውን ረሳኸው፣ ክላይቭ።»

«ቀልዱ። አምስት ዋት ናት። ዛሬ ያቺ ሣጥን እኔን የምትከስበት ነገር የላትም።»

ትንሿን ማጉያ፣ ትልቁን ሠላሳ ዓመት ያስቀምጥበት በነበረው ቦታ፣ ከእግሩ ኋላ ወለሉ ላይ አስቀመጣት። ጀመሩ። ክላይቭ ራሱን በደንብ አልሰማም፤ ስለዚህ ጥቂት ጨመረ። አሁንም አልበቃውም፤ ጨመረ። ስታቭሮስም ድምፁን ለማሰማት ቤዙን ከፍ አደረገ። በሁለተኛው ዘፈን መካከል ቀዩ መብራት በራ፤ አልጠፋም። ቀጭ አለና ጊታሩ፣ ቤዙና ማይክሮፎኑ በአንድ ጊዜ ሞቱ።

ድራም ግን ኤሌክትሪክ አያሻውም። ዴልማ ጥቂት ምት ብቻዋን ቀጥላ ቆመች። በጸጥታው ውስጥ የተሰማው የእርሷ ምት ብቻ ስለነበረ፣ ቤቱ ሁሉ ዘወር ብሎ እርሷን አየ። መጨረሻ ላይ የተሰማውን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ የተለመደ የሰው ልጅ ስንፍና ነው። ክላይቭም ከዚህ ስንፍና አልዳነም።

«ዴልማ፣ እባክሽ ቀስ በይ እንጂ! ልታስባርሪን ነው?»

«እኔ?» የያዘችውን አነሣች፤ ዱላ ሳይሆን የድራም መጥረጊያ የሚሉት የሽቦ ጭራ ነበር። «በዚህ ነው የምመታው። በዚህ ዝንብ እንኳ አይሞትም!»

«እኔ ዛሬ አምስት ዋት ነኝ። ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

«አምስት ዋት፣ አምስት ዋት! ሦስት ወር ስለ እሷ ስትነግረኝ ከርመሃል። የልጅ ልጄን ስም እንኳ ይሄን ያህል አላወቅህልኝም።»

«አንድ» አለች ኖሪን ከመጠጥ መቅጃው ኋላ ቁልፉን እያዞረች።

ዴልማ የብረት ሳህኖቿን መንቀል ጀመረች። እርሷ ከሄደች ባንዱም ይሄዳል፤ ይህን ከክላይቭ በቀር ሁሉም ተረድቶታል። የስታቭሮስ ቀልድ አፉ ውስጥ ደረቀ።

«ተቀመጪ፣ እቴ» አለች ኖሪን። «መጣላት ምን ያደርጋል? መብራቷ አለች አይደል? አንድ በአንድ ተጫወቱ። ቀይ ስታዩ ወዲያው እጃችሁን አንሡ፤ ካልቆየ አትቆርጥም።»

ዴልማ ተናድዳ ነበርና ሆን ብላ ከልማዷ አጥብቃ መታች። ቢጫው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስታቭሮስ ቤዙን ነካ፤ አረንጓዴ። ክላይቭ «እንግዲህ ለወጉ ያህል» ብሎ አንድ ጊዜ ክሩን ገረፈ።

ቀይ።

እጁን እንደተቃጠለ ሰው አነሣ። መቅጃው ዳር የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቢራው ትን አለው።

«ሣጥኗ ተበላሽታ ይሆናል» አለ ክላይቭ።

«ድገመው» አለች ኖሪን።

ደገመው። ቀይ።

«እኔ ግን ራሴን አልሰማም! በናታችሁ፣ እዚህ ቆሜ ከሩቅ ቤት የሚመጣ ይመስል ትንሽ ነው የሚሰማኝ።»

ዴልማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣች። ንዴቷ ወደ መገረም ተለውጦ ነበር። «ቁጭ በል» አለችው።

«የት?»

«እዚሁ፣ ወለሉ ላይ። ፊትህን ከማጉያህ ፊት አድርግ።»

ክላይቭ ጉልበቶቹ እየተንቋቁ ወረደ። እንደ ሕፃን መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ጊታሩን አቅፎ፣ ክሩን ነካ። ወዲያውም በጥፊ እንደተመታ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ይሄ ነው?» አለ። «ሁልጊዜ ይሄ ነበር የሚወጣው?»

«ይሄማ ትንሿ ናት» አለ ስታቭሮስ። «ከትልቁ ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ለምን ባዶውን የሚውል ይመስልህ ነበር?»

«ከበሩ ነፋስ ስለሚገባ...»

ክላይቭ ዞሮ ባዶውን ጠረጴዛ አየ።

ስሕተቱ ቀላል ነበር፤ ቀላልነቱ ግን ይቅር የሚያሰኘው አይደለም። ዋት ማሽኑ የሚያወጣውን ኃይል ይለካል እንጂ የሰሚውን ጆሮ አይለካም። አምስት ዋት ከሃምሳ ዋት አንድ አሥረኛው ቢሆንም፣ ለጆሮ ግን ከግማሹ ብዙም አያንስም፤ በጠባብ ቤት ውስጥ አምስቱም ተርፎ ይፈስሳል። ወለል ላይ የተቀመጠ ማጉያ ደግሞ ድምፁን የሚወረውረው ወደ ባለቤቱ ጉልበቶችና ከእነርሱ አልፎ ወደ ታዳሚው ፊት ነው፤ የባለቤቱ ጆሮ ከዚያ በላይ፣ በሰላም ቆሟል። ክላይቭ የሚያደርሰውን የማይሰማ ሰው ነበር። ባልሰማ ቁጥር ይጨምራል፤ እርሱ ሲጨምር ስታቭሮስ ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲጨምሩ ዴልማ ምቷን ታጠብቃለች፤ በመጨረሻም ዴልማ ትወቀሳለች። ብዙ ቤት የሚፈርሰው በዚህ ሥርዓት ነው።

ከወለሉ ሲነሣ ፊቱ ቀልቷል። ሰበብ ሊፈልግ ይችል ነበር፤ አፉንም ለዚያ ከፍቶ ነበር። ከዚያ ዘጋው።

«ዴልማ፣ አንቺ አልነበርሽም።»

«አልነበርኩም።»

«ይቅርታ።»

«ጮክ በል፣ አልሰማሁህም» አለች ዴልማ፤ አዳራሹ ሳቀ። ክላይቭም አብሮ ሳቀ። ይቅርታው አጭር ነበረ፤ በጊዜውም አልመጣም፤ ነገር ግን በሰው ፊት የተበደለች ሴት ክብሯ በሰው ፊት ተመለሰላት። ልኩ ይህ ነው።

ኖሪን ከመቅጃው ሥር ባዶ የወተት ሣጥን ወረወረችለት። ማጉያዋን በሣጥኑ ላይ አቆመና ወደ ኋላ አጋድሞ ከግድግዳው ጋር አስደገፋት፤ አፏ ቀጥታ ወደ ጆሮው ሆነ። ከጀርባዋ ያለችውን ማብሪያ ወደ ግማሽ ዋት አወረደ፤ በቤት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ክሩን ነካ። ያ ሻካራ፣ ጣዕም ያለው ድምፅ እዚያው ነበረ፤ መብራቱም አረንጓዴ ነበረ።

«ይሰማሃል?» ሲል ስታቭሮስን ጠየቀው።

«እሰማሃለሁ። ይኸውልህ፣ ራሴንም እየሰማሁ ነው። ይህን ያህል መጥፎ እንደምዘፍን ቀደም ብለህ ብትነግረኝ ምናለ?»

እንደገና ጀመሩ። ክላይቭ በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ዓይኑን ከጣሪያው ላይ አላነሣም፤ አንገቱ እስኪደነዝዝ ድረስ አየ። ቢጫው አልፎ አልፎ ብልጭ ይላል፤ ቀዩ አልመጣም። ቀስ በቀስ ማየቱን ተወና ማዳመጥ ጀመረ። ዴልማ በዘፈኑ ዳርና ዳር የምትጨምራቸው ትንንሽ ምቶች እንዳሉ በዚያን ቀን አወቀ፤ አብሯት ሲጫወት የኖረው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነው። እርሷ ስትጨምር እርሱ ይተውላት ጀመር። ትን ያለው ሽማግሌ ውስጡ ሥጋ የተሞላ ቂጣውን ከነቲማቲም ስልሱ ይዞ መጣና ባዶው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ሰዎቹ እየተጫወቱ ከጓደኛው ጋር ያወራ ነበር፤ ንግግሩም ይሰማ ነበር። ለጊታረኛ ይህ ውርደት ሊመስል ይችላል። ክላይቭ ግን እፎይ አለ፤ ትከሻው ወረደ፤ የጣቱም መጨበጥ ላላ።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ዘፈን ጨረሱ። ኖሪን ብርጭቆ መጥረጓን ሳታቋርጥ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሦስቱም ያይዋት ነበር። በፎጣው ጫፍ «ቢንጎ» የሚለውን ጠረገች።

«ለሐሙስ አደርገዋለሁ» አለች። «እሑድ በሰዓታችሁ ኑ። የወተት ሣጥኑ ግን የእኔ ነው፤ እንዳትወስዱት።»

ስታቭሮስ የክላይቭን ጀርባ ቸብ አደረገ። ክላይቭም ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።

ትልቁን ማጉያ ይዞ ለመውጣት ሁለት እጅና የሰው እርዳታ ያሻው ነበር፤ ዴልማም የራሷን የድራም ሣጥኖች እስከ መኪናዋ ብቻዋን ስታመላልስ ኖራለች። አሁን ትንሿን ማጉያ በቀኝ እጁ አንጠለጠላትና ባዶ የቀረውን ግራ እጁን ቆሞ ተመለከተው። ጎንበስ ብሎ ትልቁን የድራም ሣጥን አነሣ።

«ምን ነካህ ዛሬ?» አለች ዴልማ።

«ምሪኝ ዝም ብለሽ። የት ነው ያቆምሽው?»

«ከአፓርታማው ሥር» አለችና በሩን ከፍታ ያዘችለት።