ዘይት ውስጥ ውሃ የምትፈልገው ዚነት

ዚነት መሐሙድ በ1978 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በአንድ የትራንስፎርመር መጠገኛ ላቦራቶሪ ትሠራ ነበር። ሥራዋ የትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ የተደበቀ ውሃ መለካት ነው። ጎረቤቶቿ «ውሃ ትለካለች» ሲባል ስለሰሙ ቧንቧ በተበላሸ ቁጥር እሷን ይጠሩ ነበር።

«እኔ የምለካው ውሃ በዓይን አይታይም» አለቻት አንድ ቀን ጎረቤቷን ሀዎን።

«የኛም ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ፤ አይታይም» አለች ሀዎ።

የምትለካበት መሣሪያ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ነው። ዘይቱ በመርፌ ሲገባለት በኤሌክትሪክ አዮዲን ያመነጫል፤ አዮዲኑ ውሃውን ይበላል። ውሃው ሲያልቅ የፈጀውን ኤሌክትሪክ አስልቶ፣ ከሚሊዮን ስንት እጅ ውሃ እንደነበር ይናገራል። ከሠላሳ ካለፈ ዘይቱ ወደቀ።

አንድ ጠዋት መካኒኩ ዲሪዬ ሁለት ቀን ሙሉ ያደረቀውን ዘይት በጠርሙስ አመጣ። ካድሬው ጓድ አለምብርሃንም ምርመራውን ሊያይ ገባ። ዚነት ዘይቱን ብርጭቆ ውስጥ እንደቀዳች፣ ጓድ በብርጭቆው ላይ አጎንብሶ ስለ ምርት ዘመቻው ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ከዚያ ተለካ። ሰባ አራት።

«ይሄ አሻጥር ነው» አለ ጓድ ወደ ዲሪዬ ዞሮ።

ያን ጊዜ ይህች ቃል ሰውን ታሳስር ነበር።

ዚነት ከተከደነው ጠርሙስ ሌላ ሁለት ብርጭቆ ቀዳች። አንዱን ከደነችው፤ ሌላውን ክፍቱን ጓድ ፊት አስቀመጠች።

«አቦ ጓድ፣ እስቲ ንግግርህን ቀጥል» አለችው። የድሬ ልጅ ናት፤ አንቱታ አታውቅም።

ጓድ ደስ ብሎት ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሃያ ደቂቃ ተናገረ። የተከደነው ሲለካ አሥራ ዘጠኝ፣ ክፍቱ ስድሳ ስምንት ሆነ።

«ዘይቱ ደህና ነው» አለች ዚነት። «ውሃው ካንተ ትንፋሽ ነው የገባው።»

ዲሪዬ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ጓድ አፉን በመሐረብ ጠረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ፦ «ስለ ምርት ስናገር ሰባ አራት ነበር። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ለምን አነሰ?»

«የመጀመሪያው ረዘም ያለ ነበር።»

ጓድ አሰበበት፤ መልሱም አረካው።

በሳምንቱ ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ በላቦራቶሪው በር ላይ ተለጠፈ፦ «እዚህ ክፍል ውስጥ ንግግር ማድረግ ክልክል ነው።» ከዚያ ወዲያ ሁሉም በግድ ንግግር የሚሰማበት የውይይት ክበብ በሚውልበት ሰኞ ሁሉ፣ ግማሹ ሠራተኛ «ናሙና አለኝ» እያለ ዚነት ዘንድ ይሰለፍ ጀመር። እሷም አላባረረችም፤ ዲሪዬን ብቻ፣ እያንኮራፋ ስላስቸገራት፣ ከመሣሪያው ርቆ በሩ ጋ እንዲተኛ አዘዘችው።